የመርፌ ቀዳዳ በምታህል ቁስል ጣት እንዳይጠፋ

በማዕድን ማውጫ ሥፍራ ስለሚደርስ አደጋ ሲነሣ ብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታወሰን የአፈር መናድ ወይም የፈንጂ ጉዳት ነው። ይሁንና በጉጂ ካሉት የወርቅ ማውጫዎች ጀምሮ በሙገር እስካሉት የሲሚንቶ ድንጋይ ካባዎች ድረስ፣ ዶዘሩን፣ ገልባጩንና የድንጋይ መፍጫውን የሚጠግነው ባለሙያ እጁ በመፍቻ፣ በመዶሻና በግራሶ መምቻም ይጎዳል።

የዛገ ብሎን አልፈታ ሲል መፍቻው ላይ ቱቦ ሰክቶ በኃይል መግፋት የተለመደ ነው። መፍቻው ሲያመልጥ ግን የሰውነት ክብደት በሙሉ በጣት አንጓዎች ላይ ያርፋል። ስለዚህ ልኩ የሆነ መፍቻ ይጠቀሙ፤ ሲቻል ከመግፋት ይልቅ ወደ ራስዎ ይሳቡ። አናቱ የተደፈጠጠ መሮ ሲመታ የብረት ስባሪ ወደ ዓይን ሊወረወር ስለሚችል መነጽር ያድርጉ። ቀለበትዎን ያውልቁ። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ በእጅዎ ሳይገባ ጥገና አይጀምሩ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያታልለው በግፊት የሚገባ ግራሶ ነው። የግራሶ መምቻ አፍ ወይም የተሸነቆረ የሃይድሮሊክ ቱቦ ከጣት ጋር ሲገናኝ ቅባቱ ቆዳን በስቶ ወደ ውስጥ ይሰራጫል። ከውጭ የምትታየው ትንሽ ነጥብ ብቻ ናት፤ ሕመሙም መጀመሪያ ቀላል ሊሆን ይችላል። ከሰዓታት በኋላ ግን ጣቱ ያብጣል፤ የደም ዝውውሩ ታፍኖ ሥጋው ሊሞት ይችላል። ሕክምናው በአብዛኛው ቀዶ ጥገና ነው፤ በዘገየ ቁጥርም ጣት የማጣት ዕድል ይጨምራል። «ነገ አየዋለሁ» ሳይሉ ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ወዲያው ይሂዱ፤ የገባውን የቅባት ዓይነትም ለሐኪሙ ይንገሩ።

የሚደማ ቁስል ሲያጋጥም በንጹሕ ጨርቅ ጫን ብለው፣ ሳይገልጡ ለ10 ደቂቃ ያህል ይያዙ። ቡና፣ ግራሶ ወይም ቤንዚን አያድርጉበት። የተሰካ ብረት አይንቀሉ። የተቆረጠ ጣት ካለ በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው በፕላስቲክ ከረጢት ያሽጉ፤ ከረጢቱን በረዶ ባለው ውኃ ውስጥ አድርገው ከተጎዳው ሰው ጋር ይላኩ። በረዶው ጣቱን በቀጥታ መንካት የለበትም። ጣት ከደነዘዘ ወይም አልታጠፍ ካለ ነርቭ ወይም ጅማት ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። አፈር የነካው ቁስል ለመንጋጋ ቆልፍ ያጋልጣል፤ የመጨረሻውን ክትባት ከወሰዱ 5 ዓመት ካለፈዎት ለጤና ባለሙያው ይናገሩ።

የቀን ገቢ እንዳይቀር ብሎ ጉዳትን መደበቅ የኋላ ኋላ የሚያሳጣው ከአንድ ቀን ገቢ የሚበልጥ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ ሠራተኛውም እንዲጠቀምበት። እንግዲህ ጓንትና መነጽር ይጠይቁ፣ የተበላሸ መሣሪያ ይመልሱ፣ ትንሿንም ቁስል በዕለቱ ለኃላፊዎ ያስታውቁ።