የቀኗ የመጀመሪያ ሲጋራ ስንት ሰዓት ላይ ናት?

አንድ ወዳጄ ዋሽንግተን የምትኖር እህቱ የኒኮቲን ማስቲካ ላከችለት። በቀን አንድ ፓኮ ያጨሳል፤ ማጨስ ከጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል። ማስቲካውን እንደ ማንኛውም ማስቲካ ቶሎ ቶሎ አኘከው፤ ምራቁንም ዋጠ። ስቅታ ያዘው፤ ጨጓራውን አቃጠለው፤ ሐራራው ግን ንቅንቅ አላለም። በሦስተኛው ቀን «እኔን የሚያስቆም መድኃኒት ገና አልተሠራም» ብሎ የቀረውን ማስቲካ መሳቢያ ውስጥ ከተተና ወደ ሱቁ ሄደ።

ይህን ሲነግረኝ አዘንኩ። እሱም ማስቲካውም ጥፋት አልነበረባቸውም። ያ ማስቲካ እንደ ማስቲካ እንደማይታኘክ የነገረው ሰው አልነበረም። በቀን ፓኮ ለሚጨርስ ሰው ብቻውን እንደማይበቃም ማንም አላስረዳውም። «ሞክሬው አልሠራልኝም» ከሚሉ ሰዎች ጋር ቁጭ ብዬ ስጫወት ታሪኩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ወይ አጠቃቀሙ ተሳስቷል፣ ወይ መጠኑ አንሷል፣ ወይ ገና በሁለት ሳምንቱ ተቋርጧል። ከዚያ ሰውየው ራሱን ወኔ ቢስ አድርጎ ይቆጥራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ግን ያለ ምንም እገዛ ለማቆም ከሚደረጉ 100 ሙከራዎች የሚሳኩት 4 ያህሉ ብቻ ናቸው። ስለዚህ መድኃኒት መፈለግ ደካማነት አይደለም።

ብዙዎችን ከመድኃኒቱ የሚያርቃቸው አንድ ጥርጣሬ አለ፤ «ኒኮቲንን በኒኮቲን መተካት ምን ትርጉም አለው?» የሚል። ሱስ የሚያስይዘው ኒኮቲን መሆኑ እውነት ነው። ሳንባንና ልብን የሚያጠፋው ግን በዋናነት ጭሱ ነው። በጭሱ ውስጥ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች አሉ፤ ወደ 70 የሚሆኑት ካንሰር የሚያመጡ ናቸው። ማስቲካውና ፓች የሚባለው ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ፕላስተር ይህ ሁሉ የለባቸውም። ፍጥነታቸውም ይለያል። አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ የተሳበ ጭስ ኒኮቲኑን ከ10 እስከ 20 ሴኮንድ ባለው ጊዜ አንጎል ያደርሰዋል፤ ሱሱን የሚያጠብቀውም ይህ ፍጥነት ነው። ፕላስተሩ ግን ቀስ እያለ በሰዓታት ውስጥ ነው ደም ውስጥ የሚገባው። ሐራራውን ያበርዳል እንጂ እንደ ሲጋራ አይመታም። በፕላስተር ሱስ የሚያዝ ሰው እምብዛም የማይገጥመው ለዚህ ነው።

የቱን ይምረጡ ለሚለው መነሻው አንዲት ጥያቄ ናት። ጠዋት ከእንቅልፍዎ ተነሥተው የመጀመሪያዋን ሲጋራ በስንት ደቂቃ ውስጥ ነው የሚለኩሱት? ሌሊቱን ሲተኙ በደም ውስጥ ያለው ኒኮቲን ይሟጠጣል። ፊቱን ሳይታጠብ ክብሪት የሚፈልግ ሰው ሱሱ ጠልቋል ማለት ነው፤ ከምሳ በኋላ ብቻ የሚያምረው ሰው ሌላ ነው። ማስቲካው ባለ 2 እና ባለ 4 ሚሊ ግራም ሆኖ ነው የሚመጣው። በተነሡ በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚያጨሱ ከሆነ የእርስዎ ባለ 4ቱ ነው፤ ከዚያ የሚዘገዩ ከሆነ ባለ 2ቱ። ፕላስተሩ ደግሞ በቀን በሚጨሰው ብዛት ይመረጣል። በቀን ከ10 ሲጋራ በላይ የሚያጨስ ሰው በተለመደው አሰጣጥ በባለ 21 ሚሊ ግራሙ ይጀምርና ስድስት ሳምንት ይቆይበታል። ከዚያ ሁለት ሳምንት ባለ 14፣ ሁለት ሳምንት ባለ 7 እያለ ይወርዳል። በቀን 10 ወይም ከዚያ በታች የሚያጨስ በባለ 14 ይጀምራል።

ለጠና አጫሽ ከሁሉ የሚሻለው ሁለቱን ማጣመር ነው፤ ይህ ደግሞ በጣም የሚዘነጋ ነገር ነው። ፕላስተሩ ቀኑን ሙሉ ከሥር ይደግፋል፤ ድንገት ለሚመጣው ሐራራ ማስቲካው ወይም ከረሜላ መሳዩ የሚመጠጥ ኒኮቲን ይደርሳል። ጥናቶች በተደጋጋሚ እንዳሳዩት ሁለቱን አብረው የሚጠቀሙ ሰዎች አንዱን ብቻ ከሚጠቀሙት በበለጠ ይሳካላቸዋል። «ኒኮቲን ይበዛብኛል» ብሎ መፍራት አያስፈልግም፤ አብዛኛውን ጊዜ ፓኮ ሙሉ ሲያጨሱ ይወስዱት ከነበረው አይበልጥም።

አሁን ወዳጄን ወዳሳሳተው የማኘክ ዘዴ እንምጣ። ማስቲካውን በዝግታ ጥቂት ጊዜ ያኝኩት። በርበሬ በርበሬ የሚል ወይም የሚቆነጥጥ ስሜት ሲመጣ ያቁሙና በጉንጭና በድድ መሐል ያስቀምጡት። ስሜቱ ሲጠፋ እንደገና ጥቂት አኝከው በሌላው ጉንጭ ያሳርፉት። እንዲህ ሠላሳ ደቂቃ ያህል ይቆያል። ኒኮቲኑ የሚገባው በአፍ ሥጋ በኩል ነው፤ በምራቅ የተዋጠው ጨጓራን ከማቃጠል በቀር ብዙ አይፈይድም፤ አብዛኛውን ጉበት ያከሽፈዋል። ከማስቲካው በፊት ባሉት 15 ደቂቃዎች ቡና፣ ጭማቂ ወይም ለስላሳ አይጠጡ፤ አፍ ውስጥ አሲድ ካለ ኒኮቲኑ በደንብ አይሰርግም። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት በየአንድ ሁለት ሰዓቱ አንድ መውሰድ የተለመደ ነው፤ በቀን ከ24 አይለፍ። ፕላስተሩን በየቀኑ ቦታ እየቀያየሩ ደረቅና ፀጉር በሌለው ቆዳ ላይ ይለጥፉ። ሕልም ካበዛብዎት ማታ ማውለቅ ይቻላል። ያገለገለውንም አጥፈው ሕፃን ከማይደርስበት ቦታ ይጣሉ።

ኒኮቲን የሌለባቸው እንክብሎችም አሉ። ቫሬኒክሊን የሚባለው በብዙ ጥናት ከነጠላ ፕላስተርና ከነጠላ ማስቲካ በልጦ ተገኝቷል። አሠራሩ ደስ ይላል። አንጎል ውስጥ ኒኮቲን የሚቀመጥበት ወንበር አለ እንበል፤ ቫሬኒክሊን ቀድሞ ይቀመጥበታል። መጠነኛ እርካታ ስለሚሰጥ ሐራራው ይለዝባል፤ ሰውየው ተሳስቶ ቢያጨስ እንኳ ኒኮቲኑ ወንበሩ ተይዞ ይጠብቀዋል፤ ሲጋራው ጣዕም ያጣል። ማጨስ ከሚያቆሙበት ቀን አንድ ሳምንት ቀደም ብለው ይጀምሩታል፤ በተለምዶ 12 ሳምንት ይወሰዳል። ማቅለሽለሽና እንግዳ ሕልም የተለመዱ ናቸው፤ ምግብ በልተው በብዙ ውኃ ቢውጡት ማቅለሽለሹ ይቀንሳል። አእምሮን ያውካል የሚል ብርቱ ማስጠንቀቂያ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2016 ስምንት ሺህ ያህል ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ስጋቱን ስላላረጋገጠ የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ማስጠንቀቂያውን አንሥቶታል።

ሁለተኛው ቡፕሮፒዮን ነው፤ የድባቴ መድኃኒትም ነው። የሚጥል በሽታ ላለበት፣ ወይም አልኮል በድንገት ለሚያቆም ሰው አይሰጥም። እኛ አገር አንድ ተጨማሪ ነገር ማንሣት ግድ ይላል። ቡፕሮፒዮን በኬሚካል አወቃቀሩ ጫት ውስጥ ያለው የካቲኖን ዘመድ ነው፤ አነቃቂ ነገሮች ደግሞ በዚህ መድኃኒት ላይ የመንቀጥቀጥ አደጋውን ሊጨምሩ ይችላሉ። ስለዚህ ጫት የሚቅም ሰው ሳያፍር ለሐኪሙ ይንገር። ሳይቲሲን የሚባል ከዕፅዋት የሚገኝ እንክብልም አለ፤ ከቡልጋሪያ ጀምሮ በምሥራቅ አውሮፓ ለአሥርት ዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው የሕክምና መመሪያ የኒኮቲን ምትኮችን፣ ቫሬኒክሊንን፣ ቡፕሮፒዮንንና ሳይቲሲንን ይመክራል። እርጉዝ ሴት፣ በቅርቡ የልብ ድካም የደረሰበትና የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ማንኛቸውንም ከሐኪም ጋር ሳይመክር አይጀምር።

ቬፕ የሚባለው የኤሌክትሮኒክ ሲጋራስ? ሲጋራ ለማስቆም እንደሚረዳ የሚያሳይ ጠንካራ መረጃ አለ፤ እንግሊዝ አገር የጤና ሠራተኞች ራሳቸው ይመክሩታል። ከብዙ ዓመት በኋላ የሚያመጣው ጉዳት ግን ገና አልተለየም። ኢትዮጵያ ውስጥም በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሸጡ ተከልክሏል። ሺሻን «በውኃ የተጣራ ነው» ብሎ በሲጋራ ፈንታ መያዝ ደግሞ ከእሳት ወደ ረመጥ ነው፤ አንድ ሺሻ ላይ የሚሳበው ጭስ ከአንዲት ሲጋራ እጅግ ይበልጣል። «ላይት» የሚሉትም ሲጋራ ያው ሲጋራ ነው።

ቡናን ሳላነሣ አላልፍም፤ ስንቱን አበሻ ወደ ኋላ እንደመለሰ አይቻለሁና። የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ማጨስ ሲቆም ይህ ፍጥነት ይወርዳል፤ የለመዱት ሦስት ስኒ ቡና ደም ውስጥ የሚተወው ካፌይን እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። እጅ መንቀጥቀጡ፣ ልብ መምታቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ ይመጣል። ሰውየው «ሲጋራ ማቆሜ አሳበደኝ» ይላል፤ ያሳበደው ግን ቡናው ነው። ይህን የሚያደርገው ኒኮቲኑ ሳይሆን ጭሱ ስለሆነ ፕላስተር መለጠፍ አያስቀረውም። ከሚያቆሙበት ቀን ጀምሮ ቡናውን በግማሽ ይቀንሱ። እንደ ኦላንዛፒንና ክሎዛፒን ያሉ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችም በዚሁ ምክንያት ደም ውስጥ ስለሚጨምሩ፣ እነሱን የሚወስድ ሰው ማቆሙን አስቀድሞ ለሐኪሙ ያሳውቅ።

የጫት መቃሚያው በርጫም እንዲሁ ሰውን ወደ ሲጋራ ይመልሳል። ሐራራው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ይበረታል፣ በሦስት አራት ሳምንት ውስጥ ይለዝባል፤ አንዱ ማዕበል ራሱ ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም። ሁሉም በሚያጨስበት ክፍል ግማሽ ቀን ተቀምጦ ግን ማንም ፕላስተር አይበቃውም። ቢያንስ የመጀመሪያውን ወር ከበርጫው መራቅ የሕክምናው አካል ነው፤ በጾም መግቢያ ወይም በረመዳን የሚጀምሩ ሰዎች ይህን ርቀት በቀላሉ ያገኙታል።

ውጭ ያለ አንባቢ ዕድሉ ሰፊ ነው። አሜሪካ በየግዛቱ ነፃ የስልክ ምክር አለ፤ እስራኤል ያለ ሰው የጤና መድን ድርጅቱን (ኩፓት ሆሊሙን) ይጠይቅ። አዲስ አበባም ሆነ ክልል ያለ ሰው መድኃኒቱን ሊያጣ ይችላል፤ አንዱን ፋርማሲ ብቻ ጠይቆ አይመለስ፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለውን ሆስፒታልም ያማክር። ዘመድ የሚልክለት ከሆነ መጠኑንና የሳምንቱን ብዛት ቆጥሮ ይዘዝ፤ አንድ ካርቶን ማስቲካ ሦስት ወር አያደርስም። መሐል ላይ አንዲት ሲጋራ ቢያጨስም ፕላስተሩን አውልቆ አይጣል፤ በማግሥቱ ይቀጥል።

ወዳጄ መሳቢያውን ከፍቶ እንደገና ጀምሯል። በዚህኛው ዙር እህቱ ፕላስተርም ጨምራ ልካለታለች። አምስተኛ ሳምንቱ ነው። ቡናውን ወደ አንድ ስኒ አውርዷል። ስንጨዋወት ከሸሚዝ ኪሱ ማስቲካ ያወጣል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ያኝካል፣ ከዚያ ጉንጩ ሥር ደብቆ ወሬውን ይቀጥላል።