የጠፈር ዘመን ዕቃ ገበያ ስለ ምን አይቀዘቅዝም?

በኒው ዮርክ ከተማ በኬኔዲ አውሮፕላን ማረፊያ፥ ክንፉን ዘርግቶ ሊነሣ የተዘጋጀ ወፍ የሚመስል አንድ ሕንፃ አለ። ይህን ሕንፃ ለቲ.ደብልዩ.ኤ. አየር መንገድ የነደፉት ትውልዳቸው ከፊንላንድ የሆነው አሜሪካዊው አርክቴክት ሚስተር ኤሮ ሳሪነን ሲሆኑ፥ የተከፈተው እርሳቸው ካረፉ በኋላ በ1962 ነው፤ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ግዙፎቹ ጄቶች በመጡ ጊዜ አዳራሹ ጠበበ። በ2001 አገልግሎቱ ቆመ፤ ለብዙ ዓመታትም ተዘግቶ ቆየ። በሜይ 2019 ግን 512 ክፍሎች ያሉት ሆቴል ሆኖ እንደ ገና ተከፈተ። መኝታ ክፍሎቹ የሚገኙት ከበስተኋላ በተጨመሩት ሁለት ሕንፃዎች ውስጥ ነው፤ አሮጌው አዳራሽ ግን ነጩ ጣሪያውና ቀዩ መቀመጫው ሳይቀር በ1962 እንደ ነበረው ሆኖ ታድሷል።

መንገደኛው በዚያ ዘመን አውሮፕላን እስኪመጣለት በነፃ ይቀመጥበት በነበረው ሥፍራ፥ ዛሬ እንግዳው ገንዘብ ከፍሎ ይቀመጣል። ለነጋዴ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ያረጀ ዕቃ በዕድሜው መከበሩ የቆየ ልማድ ነው፤ አሮጌ ምንጣፍ፥ አሮጌ የብር ጌጥ፥ አሮጌ የግድግዳ ሰዓት ፈላጊ አያጣም። የጠፈር ዘመን የሚባለው የዕቃና የሕንፃ ስልት ግን የተሠራው ስለ ትናንት ሳይሆን ስለ ነገ ነበር። ያ ነገ በታሰበው መንገድ አልመጣም፤ በጨረቃ ላይ መንደር አልተቆረቆረም፤ በየቤቱ በራፍ በራሪ መኪና አልቆመም። ዕቃው ግን ይሸጣል።

ብዙዎች የዚህን ስልት ልደት ከኦክቶበር 4 ቀን 1957 ይቆጥራሉ፤ ይኸውም ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክ የተባለችውን ሰው ሠራሽ ጨረቃ ያመጠቀችበት ዕለት ነው። ስፑትኒክ 58 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት፥ 83.6 ኪሎ የምትመዝን፥ አራት ረጃጅም አንቴናዎች የተተከሉባት የሚያብረቀርቅ ኳስ ነበረች። ለነዳፊዎች ከዚህ የቀለለ ምልክት ሊገኝ አይችልም ነበር፤ ከመካከሉ ዘንጎች ወደየአቅጣጫው የሚወጡበት የጣሪያ መብራት እስከ ዛሬ ድረስ በስሟ ይጠራል። ይሁን እንጂ አዝማሚያው ከእርሷ ይቀድማል። በሎስ አንጀለስ በ1949 በአርክቴክት ጆን ላውትነር የተነደፈው ጉጊስ የተባለው ቡና ቤት ጣሪያው ወደ ሰማይ የተቀለበሰ ነበር፤ ስልቱም ከእርሱ ስሙን ወስዶ «ጉጊ» ተባለ። የዚህ ምክንያቱ ጠፈር ሳይሆን ንግድ ነበር፤ በመኪና ፈጥኖ የሚያልፈው ደንበኛ ከሩቅ አይቶ ፍሬን እንዲይዝ ለማድረግ ነው። ቀጥሎ በ1958 በብራስልስ ኤግዚቢሽን ላይ ዘጠኝ ኳሶችና 102 ሜትር ቁመት ያለው አቶሚየም ተተከለ፤ በ1962 ደግሞ በሲያትል ኤግዚቢሽን 184 ሜትር ከፍታ ያለው የጠፈር መርፌ የተባለው ግንብ፥ ከአናቱ የሚሽከረከር ምግብ ቤት ይዞ ቆመ። አቶሚየም ለስድስት ወር ብቻ የታሰበ ነበር። ሁለቱም ዛሬ ጎብኚ የሚያስተናግዱ ናቸው።

ልብስም ተከተለ። በፓሪስ ሙሴ አንድሬ ኩሬዥ በ1964 ነጭና የብር ቀለም ያለው፥ ከአጭር ቡትስ ጫማ ጋር የሚለበስ ልብስ አወጡ፤ ሙሴ ፓኮ ራባን በ1966 የፕላስቲክና የብረት ቁራጮችን በቀለበት እያያያዙ ቀሚስ ሠሩ። ቀሚሱን ለብሶ መቀመጥ ምን ያህል ምቹ እንደ ነበረ ለባሾቹ ያውቁታል።

የንግዱ ቁም ነገር የሚገኘው ግን በወንበሩ ላይ ነው። ፊንላንዳዊው ሚስተር ኤሮ አርኒዮ በ1963 ከፋይበርግላስ የሠሩት፥ ፊቱ ተቆርጦ ውስጡ የተለበጠ ትልቅ ኳስ የሚመስለው ወንበር፥ በ1966 በኮሎኝ የቤት ዕቃ ትርኢት ላይ ቀርቦ ስማቸውን በዓለም አስጠራ። ዴንማርካዊው ሚስተር ቨርነር ፓንቶን ደግሞ እግር የሌለው፥ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ የሆነ የፕላስቲክ ወንበር አሰቡ። ሐሳቡን የሚቀበል ፋብሪካ ለማግኘት ዓመታት ፈጀባቸው። ቪትራ የተባለው ድርጅት በ1967 በፋይበርግላስ አወጣው፤ በዓመቱ ወደ ጠንካራ የፖሊዩሬታን አረፋ ተለወጠ፤ ይህኛው ጥሩ ነበር፥ ነገር ግን እያንዳንዱ ወንበር በእጅ መፋቅና መቀባት ስለነበረበት ዋጋው ከፍ አለ። ስለዚህ በ1971 ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ በሚረጭ ርካሽ የፕላስቲክ ዓይነት መሥራት ተጀመረ። ቀለም መቀባት ቀረ፤ ምርቱም ፈጠነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ያ ፕላስቲክ እያረጀ መሰንጠቅና መሰበር ጀመረ፤ በ1979 ምርቱ ጨርሶ ቆመ። በሰማንያዎቹ ዓመታት ወደ ፖሊዩሬታን ተመልሶ መሠራት ጀመረ፤ በ1999 ደግሞ ፖሊፕሮፒሊን ከተባለው ፕላስቲክ ዋጋው የቀነሰ ዓይነት ወጣ። ዛሬ ሁለቱም ጎን ለጎን ይሸጣሉ። መልኩ ያው ነው፤ የዋጋቸው ልዩነት ግን ብዙ እጥፍ ነው። ወንበሩን ገበያ ያሳጣው የመልኩ ማርጀት እንዳልነበረ ከዚህ ይታያል።

ስለ ክብነቱም አንድ ነገር መናገር ተገቢ ነው። የእነዚህ ዕቃዎች ጠርዝ የለሰለሰው ሮኬት እንዲመስሉ ብቻ አይደለም። ፕላስቲክ ስለታም ማዕዘን አይወድም፤ ክብደት ሲያርፍበት ጫናው በማዕዘኑ ላይ ይከማችና ከዚያ ይሰነጠቃል። ዕቃው ከብረት ቅርጽ ማውጫው ሳይቀደድ እንዲወጣም ጎኑ በትንሹ መዘንበል አለበት። ኢጣሊያዊው ሚስተር ጆ ኮሎምቦ ለካርቴል ድርጅት በ1967 ያወጡት ወንበር በመደገፊያው ላይ ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳው ወንበሩን ከማውጫው ለማላቀቅ፥ በኋላም በእጅ አንጠልጥሎ ለመውሰድ ያገለግላል። እንግዲህ ጠፈር የሚመስለው ቅርጽ ከግማሽ በላይ የፋብሪካው ጠባይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚያው ዓመት ወይዘሮ አና ካስቴሊ ፌሪዬሪ ለዚሁ ድርጅት የነደፉት ክብ፥ በደርብ በደርብ የሚቆለል ትንሽ ቁም ሣጥን እስከ ዛሬ ይመረታል፤ ይህም ከጥቅሙ የተነሣ ነው፥ ጠባብ ቤት ውስጥ ከአልጋ አጠገብ ይገባልና።

ሁሉም አልቀናቸውም። ፊንላንዳዊው አርክቴክት ሚስተር ማቲ ሱሮነን በ1968 ፉቱሮ የተባለውን፥ በራሪ ሳሕን የመሰለውን የፕላስቲክ ቤት አወጡ። ስፋቱ 8 ሜትር ነበር፤ መጀመሪያ የታሰበውም በበረዶ ላይ ለሚንሸራተቱ ሰዎች በተራራ ላይ ማረፊያ እንዲሆን ነው። ተፈታትቶ ተጭኖ የትም ሊገጣጠም ይችላል ተብሎ ነበር፤ ይሁን እንጂ የተሠሩት በጠቅላላው ከ100 ያነሱ ናቸው። በ1973 የነዳጅ ቀውስ መጣ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ የአንድ በርሜል ድፍድፍ ዘይት ዋጋ ወደ አራት እጥፍ ያህል ወጣ። ፕላስቲክ የነዳጅ ልጅ እንደ መሆኑ መጠን የወላጁ ዋጋ ሲወጣ የእርሱም ወጣ፤ ፉቱሮም በዚያው ቀረ። በዚያ ዘመን ወደ ጨረቃ የተደረገው የመጨረሻው የሰው ጉዞም በዲሴምበር 1972 ተፈጽሞ ነበርና፥ ገዢው ሕዝብ ዓይኑን ከሰማይ ወደ ምድር፥ ከፕላስቲክ ወደ እንጨት መለሰ።

በዚሁ ጊዜ ግን አንድ ነገር ሳይታወቅ በጓሮ በር ገባ። ፈረንሳዊው ሙሴ አንሪ ማሶኔ በ1972 ባለ መደገፊያ፥ ባለ አራት እግር፥ አንድ ወጥ የፕላስቲክ ወንበር ማውጣት ጀመሩ። ይህ ዓይነቱ ወንበር ዛሬ በዓለም ሁሉ አለ፤ በአዲስ አበባ በሠርግ ድንኳን፥ በለቅሶ ቤት፥ በየመንገዱ ዳር ቡና ተደርድሮና ተደራርቦ የሚታየው እርሱ ነው። የፓንቶንና የኮሎምቦ ወንበር የድኻ ወንድም መሆኑን የሚያስተውል ጥቂት ነው። የጠፈር ዘመን ነዳፊዎች፥ ማንም ሰው የሚገዛው፥ በአንድ ምት የሚወጣ ወንበር እናመጣለን ብለው ነበር፤ መጣም። ነገር ግን ማንም ሰው ያለው ዕቃ ለማንም አያስደንቅም፤ ስለዚህ ርካሹ ወንበር በድንኳን ሲቀር፥ የቀደመው ወንበር በሙዚየምና በውድ መደብር ተቀመጠ።

ወደ ገበያው የመለሰው በአብዛኛው ሥዕል ነው። በ1968 የወጣው የስታንሊ ኩብሪክ የጠፈር ፊልም፥ ሙሴ ኦሊቪዬ ሙርግ የነደፏቸውን ቀያይ ወንበሮች በጠፈር ጣቢያ ውስጥ አሳየ፤ ከዚያ ወዲህ የመጪውን ዘመን ሥዕል ማሳየት የፈለገ ሁሉ ከዚያ ይቀዳል። የእንግሊዙ ቮግ መጽሔት በጃንዋሪ 1995 የፓንቶንን ወንበር በሽፋኑ ላይ ባወጣ ጊዜም ስሙ በአዲሱ ትውልድ ዘንድ ታወቀ። በሰዓት ንግድም ተመሳሳይ ነገር ታየ። በ1969 ጨረቃን በረገጡት ሰዎች ክንድ ላይ የነበረው የኦሜጋ ሰዓት ዋጋው ለብዙ ሰው የማይደፈር ነው፤ በማርች 2022 ግን እኅት ድርጅቱ ስዋች በዚያው መልክ በ250 የስዊስ ፍራንክ የሚሸጥ ሰዓት አወጣ፤ በየአገሩ መደብር በራፍ ረጅም ሰልፍ ቆመ። የሰዓቱ ቀፎ ሁለት እጅ ሴራሚክ ሲሆን፥ አንዱ እጅ ከጉሎ ዘይት የተገኘ ፕላስቲክ ነው፤ የጉሎ ፍሬ በየአጥሩ ሥር ለሚበቅልበት አገር ይህ የሚያስገርም ወሬ ነው።

ዕቃውን ከሚገዙት ብዙዎቹ ሰው ጨረቃን ሲረግጥ ያልተወለዱ ናቸው፤ ናፍቆት ነው እንዳይባል ያላዩትን አይናፍቁም። ይልቁንም የሚስባቸው በዕቃው ላይ የሚነበበው መተማመን ይመስላል፤ ሠሪው ነገ ከዛሬ እንደሚሻል ሳይጠራጠር የሠራው መሆኑ ይታወቅበታል። የዛሬው መሣሪያ ጥቁርና ዝርግ ነው፤ ስለ ነገ የሚናገረው ነገር የለውም። ከዚህም ሌላ፥ አንድ ክብ ብርቱካንማ ወንበር የተራ ክፍልን መልክ ብቻውን ይለውጣል፤ ቤቱን ሁሉ ማደስ ለማይችል ደንበኛ ይህ ርካሽ መንገድ ነው። ሆቴልና ቡና ቤት የሚያስጌጡ ሰዎች ይህን ቀድመው ተረድተዋል።

ዕቃውን ለማስመጣት ወይም ለማስመሰል የሚያስብ ነጋዴ ግን ስለ መብቱ ማወቅ ይገባዋል። በእንግሊዝ አገር በፋብሪካ የተባዛ የጥበብ ሥራ ከ25 ዓመት በኋላ በነፃ ይቀዳ ነበር፤ በጁላይ 2016 ይህ ቀርቶ፥ ጥበቃው ነዳፊው ከሞተ በኋላ እስከ 70 ዓመት እንዲደርስ ተደረገ። ሚስተር ፓንቶን ያረፉት በ1998 ነውና ስሌቱ ቀላል ነው። የቅጂው ወንበር ጭነት በዚያ አገር ወደብ ቢደርስ የሚጠብቀው ጠበቃ ነው። በኢትዮጵያ የኢንዱስትሪ ንድፍ የሚጠበቀው በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት (ቁጥሩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ሲሆን፥ መጀመሪያ ለ5 ዓመት፥ ከዚያም ሁለት ጊዜ እየታደሰ በጠቅላላው እስከ 15 ዓመት ነው። ይህ የሚሠራው በአገር ውስጥ ለተመዘገበ ንድፍ ነው፤ ቅጂውን ወደ ውጭ አገር መልሶ ለመሸጥ የሚያስብ ግን የሚገዛው በመድረሻው አገር ሕግ ነው።