ከመዝገብ እስከ መቃብር፦ የአየርላንዳውያን የዘር ፍለጋ

በኒውዮርክ ወደብ ያለው የኤሊስ ደሴት የስደተኞች መቀበያ ጣቢያ ጥር 1 ቀን 1892 ሥራ ሲጀምር መዝገቡ ላይ በመጀመሪያ የሰፈረው ስም የአኒ ሙር ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከአየርላንድ፣ ከኮርክ ካውንቲ ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿን ይዛ የተሻገረችው ይህች ልጅ የ10 ዶላር የወርቅ ሳንቲም ተሸለመች፤ ጋዜጦችም ጻፉላት። ከዚያ በኋላስ የት ደረሰች? ለአሥርት ዓመታት ሲነገር የኖረው ወደ ቴክሳስ ሄዳ፣ እዚያው አግብታና ወልዳ፣ በ1923 የመንገድ ባቡር ገጭቷት ሞተች የሚል ነበር።

ሜጋን ስሞሌንያክ የተባለች አሜሪካዊት የዘር ሐረግ አጥኚ ግን ሰነዶቹን ስታገላብጥ የቴክሳሷ አኒ ሙር የተወለደችው ኢሊኖይ ሆኖ አገኘችው። ያቺ ሴት አየርላንዳዊት ስደተኛ አልነበረችም ማለት ነው። ስሞሌንያክ እውነተኛዋን አኒ ለማግኘት ለሚረዳ ሰው 1,000 ዶላር ወሮታ መደበች፤ መልሱም በ2006 ተገኘ። አኒ ከመርከብ ከወረደችበት ከተማ አልራቀችም ነበር። በድሆች መኖሪያነት ይታወቅ በነበረው የማንሃታን ሰፈር ኖራ፣ ብዙ ልጆች ወልዳ፣ ከእነዚያም ብዙዎቹን በሕፃንነታቸው ቀብራ በ1924 አርፋለች። መቃብሯ ኩዊንስ ውስጥ በሚገኘው የካልቫሪ መካነ መቃብር ነው፤ በላዩ ላይ ስሟን የሚናገር ድንጋይ አልነበረም። በ2008 ከአየርላንድ በመጣ ድንጋይ የተሠራ መስቀል ቆመላት።

ይህን ያህል የታወቀች ሴት እንኳ መቃብሯ ከጠፋ፣ ማንም ያልጻፈላቸው ሚሊዮኖች ምን ያህል እንደራቁ መገመት አያስቸግርም። ከ1845 ጀምሮ የድንች ሰብል በበሽታ በመጥፋቱ በተከሰተው ታላቁ ረሃብ ወደ 1 ሚሊዮን ሰው ሲያልቅ፣ ከዚያ የሚበልጥ ሕዝብ ደግሞ ተሰደደ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ዘራችን ከአየርላንድ ነው የሚሉት ከ30 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ፈላጊዎቹን ሁሉ የሚያነሳሳቸው ናፍቆት ብቻ አይደለም። ከአያቶቹ አንዱ በአየርላንድ ምድር የተወለደ ሰው ዜግነት የመጠየቅ መብት ስላለው፣ በተለይ ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ከወሰነች ወዲህ የአያትን የልደት ወረቀት መፈለግ ፓስፖርት ማግኛ ሆኗል።

ፍለጋው ብዙም ሳይገፋ የሚጋረጠው ትልቁ እንቅፋት አንድ ቀን ነው፤ ሰኔ 30 ቀን 1922። በአየርላንድ የእርስ በርስ ጦርነት መጀመሪያ ላይ ደብሊን በሚገኘው የፎር ኮርትስ ሕንፃ በደረሰ ፍንዳታና ቃጠሎ የአገሪቱ ቤተ መዛግብት ወደመ። ከ1821 እስከ 1851 በየ10 ዓመቱ የተካሄዱት የሕዝብ ቆጠራዎች፣ ጥቂት ቁርጥራጮች ሲቀሩ፣ አብረው ነደዱ። ጥፋቱ ሁሉ በእሳቱ ይሳበብ እንጂ እሳቱ ብቻውን አይከሰስም። የ1861ዱንና የ1871ዱን ቆጠራ ያስወገደው ራሱ መንግሥት ነው፤ የ1881ዱና የ1891ዱ ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የወረቀት እጥረት ጊዜ ተፈጭተው ወረቀት ሆነዋል። ሙሉ ሆነው የተረፉት የ1901ዱና የ1911ዱ ሲሆኑ፣ ማንም ሰው በኢንተርኔት በነፃ ያያቸዋል።

ከቤተ ክርስቲያን መዝገቦችም የተጎዳው የመንግሥት ሃይማኖት የነበረው የአንግሊካኑ ነው። መጻሕፍቱ ለጥበቃ ሲባል ወደ ደብሊን ስለተላኩ ከግማሽ የሚበልጡት አጥቢያዎች መዝገባቸውን አጥተዋል። የካቶሊኮቹን መዝገብ ግን መንግሥት ከቁም ነገር ስላልቆጠረው በየቄሱ ቤት ቀረ፤ በዚህም ተረፈ። የተናቀው መጽሐፍ የተከበረውን ቀብሮ ዛሬ የብዙኃኑ ታሪክ ዋና ምስክር ሆኗል። የአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ2015 እስከ 1880 አካባቢ ያሉትን ገጾች በነፃ በኢንተርኔት አውጥቷቸዋል። ንባቡ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ቄሶቹ ብዙ ጊዜ በላቲን ይጽፉ ስለነበር ጄምስ “ያኮቡስ”፣ ዊልያም “ጉልየልሙስ” ሆኖ ይገኛል። ትልቁ ጥቅማቸው የጥምቀቱ መዝገብ እናቲቱን በአባቷ ቤት ስም መጥራቱ ነው። ትልቁ ጉድለታቸው ደግሞ ቀብርን አብዛኛውን ጊዜ አለመመዝገባቸው ነው።

መንግሥት የሁሉንም ሰው ልደት፣ ጋብቻና ሞት መመዝገብ የጀመረው በ1864 ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱ ድሆች ዕድሜያቸውን የሚያረጋግጥ የመንግሥት ወረቀት አልነበራቸውም። በ1909 ዕድሜያቸው 70 ለሞላ ጡረታ መከፈል ሲጀምር ጸሐፊዎች በ1841ዱና በ1851ዱ ቆጠራ ስማቸውን ይፈልጉላቸው ነበር። ቆጠራው ቢቃጠልም የፍለጋው ቅጾች በመትረፋቸው የጠፋውን መጽሐፍ በከፊል ተክተውታል። የጡረታው ዜና በ1911ዱ ቆጠራ ላይም ይታያል። በ10 ዓመት ውስጥ ዕድሜያቸው 15 ዓመት የዘለለ አዛውንት ማግኘት ብርቅ አይደለም፤ ስለዚህ ዕድሜን ማመን አደገኛ ነው።

ስምም ብቻውን አያደርስም። አንድ ጆን ሱሊቫን ለመፈለግ ኮርክ የገባ ሰው በመቶ የሚቆጠሩ ጆን ሱሊቫኖችን ያገኛል። የሚለያቸው መሬቱ ነው። አየርላንድ ከ60,000 በሚበልጡ ታውንላንዶች ተከፋፍላለች፤ ታውንላንድ ከቀበሌም ሊያንስ የሚችል፣ የራሱ ስም ያለው ክልል ነው። ከ1847 እስከ 1864 በሪቻርድ ግሪፊዝ መሪነት የተካሄደው የመሬት ግምት እያንዳንዱን ባለይዞታ በታውንላንዱ፣ ከባለርስቱ ስም ጋር ይዘረዝራል፤ ከካርታም ጋር ያያይዘዋል። የጠፉትን ቆጠራዎች ቦታ የያዘው ይኸው ሰነድ ነው።

ታዲያ የታውንላንዱ ስም ከየት ይመጣል? መልሱ ብዙ ጊዜ ያለው ከአየርላንድ ውጭ ነው፤ ወዲያው የአውሮፕላን ትኬት የሚቆርጥ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። አሜሪካ ያሉ የስደተኞች የመቃብር ድንጋዮች የትውልድ አጥቢያን የሚናገሩበት ጊዜ አለ። የቦስተኑ “ፓይለት” ጋዜጣ ከ1831 ጀምሮ የጠፉ ዘመዶችን የሚያፈላልጉ ማስታወቂያዎች ያትም ነበር። በ1850 በኒውዮርክ የተቋቋመው የስደተኞች ቁጠባ ባንክም የደንበኞቹን የትውልድ ቦታና የቅርብ ዘመድ ይመዘግብ ነበር።

የባራክ ኦባማ የዘር ፍለጋ በዚህ መንገድ የሄደ ነው። በእናቱ በኩል የአያቱ ቅድመ አያት የሚሆነው ፋልማውዝ ከርኒ የጫማ ሠሪ ልጅ ሲሆን፣ በ1850 ወደ አሜሪካ ተሻግሯል። ስሞሌንያክ አሜሪካ ካሉት ሰነዶች ተነስታ እስከ አየርላንዱ መኒጎል መንደር ደረሰች። የአጥቢያው የአንግሊካን ቄስ ስቲቨን ኒል ደግሞ የከርኒን ቤተሰብ የሚጠቅሰውን አሮጌ መዝገብ አገኘው። ኦባማ በግንቦት 2011 መንደሩን ጎብኝቷል።

መቃብሩን ማግኘት ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። ካቶሊኮች የራሳቸው መካነ መቃብር ባልነበራቸው ዘመን ሬሳቸው የሚያርፈው በፈረሱ ገዳማት ቅጥር ወይም በአንግሊካኑ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነበር። የካቶሊኮች መብት ተሟጋቹ ዳንኤል ኦኮነል የታገለለት የደብሊኑ ግላስኔቪን መካነ መቃብር በ1832 ተከፍቶ መጀመሪያ የተቀበረበት የ11 ዓመቱ ልጅ ማይክል ኬሪ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተቀበሩት ከ1 ሚሊዮን በላይ ሁሉ ተመዝግበዋል። ገጠሩ ግን ሌላ ነው። ድሃ ስም ያልተቀረጸበት የሜዳ ድንጋይ ራስጌው ላይ ይቆምለት ነበር። ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናት “ኪሊን” በሚባሉ የተለዩ ቦታዎች ይቀበሩ ነበር። ስኪበሪን ከተማ አጠገብ ባለው አቢስትራውሪ ከ8,000 እስከ 10,000 የሚገመቱ የረሃቡ ሰለባዎች በጅምላ ተቀብረዋል። በካናዳዋ ግሮስ ኢል ደሴት ደግሞ በ1847 ብቻ ከ5,000 በላይ ስደተኞች አርፈዋል። ፍለጋቸው እዚህ የሚያበቃባቸው ሰዎች ቦታውን እንጂ ድንጋዩን አያገኙም፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ከከንቱ ድካም ያድናል።

ተስፋ ላለው ግን የሚረዳ ልማድ አለ። ቤተሰብ ቢርቅም፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቢፈርስም ሬሳ ወደ አባቶች መቃብር ይመለስ ስለነበር ለታውንላንዱ የሚቀርበውን አሮጌ መካነ መቃብር ማስቀደም ይበጃል። የደበዘዘ ጽሑፍ በሽቦ ብሩሽ አይፈገፈግም፤ ድንጋዩ ይላጣል። ማለዳ ወይም ምሽት ላይ ፀሐይ በጎን ስትመታው፣ አለዚያም በእጅ ባትሪ ከጎን ሲበራበት ፊደሉ ይወጣል። ሁሉንም የሚበልጠው ግን የአካባቢው ሰው ነው። በብዙ አጥቢያዎች በበጋ ወራት አንድ እሑድ ቤተሰቦች መቃብሮቻቸውን አጽድተው ይሰበሰባሉ፤ ቄሱም ይባርካል። በዚያ ቀን የትኛው ድንጋይ የማን እንደሆነ የሚያውቁ አዛውንት ሁሉ አንድ ቦታ ይገኛሉ። ጉዞ ያሰበ ሰው ከዚያ ቀን ጋር ያጋጥመው፤ ቀኑን የሚነግረው የአጥቢያው ጽሕፈት ቤት ነው።