ለቨርቹዋል ማሽኖች የኔትወርክ አድራሻ ስለ መስጠት

ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው በሀገራችን ደብዳቤ በአብዛኛው የሚታደለው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። የፖስታ ሥራ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1886 ዓ.ም. ተቋቁሞ፥ ኢትዮጵያም በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ሁለት ነጋዴዎች አንድ የሣጥን ቁጥር ቢጽፉ ደብዳቤው ከባለቤቱ አይደርስም፤ ቁጥሩ ያለ ማስታወቂያ ቢለወጥም ደንበኛው ይጠፋል። የኮምፒዩተር አድራሻም ሕጉ ይኸው ነው።

ቨርቹዋል ማሽን የሚባለው በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ በፕሮግራም አማካይነት የሚሠራ፥ ራሱን የቻለ ሌላ ኮምፒዩተር ነው። አንድ ሰፊ ቤት በክፍል በክፍል ለተለያዩ ተከራዮች እንደሚከራይ ሁሉ፥ አንድ ጠንካራ ኮምፒዩተርም የሒሳቡን፥ የመጋዘኑንና የጽሕፈት ቤቱን ሥራ ለያይቶ ሊይዝ ይችላል። የአንዱ ክፍል ብልሽት ለሌላው አይተርፍም፤ መሣሪያ ለመግዛት የሚወጣውም ገንዘብ ይቀንሳል።

ለምሳሌ ያህል በደብረ ብርሃን ዋና መደብር፥ በአንኮበር ደግሞ ቅርንጫፍ ያለውን ነጋዴ እንውሰድ። የመጋዘኑ መዝገብ ያለው ደብረ ብርሃን በሚገኝ ቨርቹዋል ማሽን ላይ ነው። የዚህ ማሽን አድራሻ ከተሳሳተ የአንኮበሩ ሻጭ መዝገቡን ማየት ስለማይችል፥ ዕቃው በመጋዘን ተከምሮ ሳለ ገዢው «የለም» ተብሎ ይመለሳል።

እያንዳንዱ ቨርቹዋል ማሽን እንደ ማንኛውም ኮምፒዩተር የኔትወርክ ካርድ አለው፤ ካርዱም በፕሮግራም የተሠራ ነው። ይህ ካርድ ሁለት ዓይነት ቁጥር ይይዛል። አንደኛው ማክ አድራሻ ሲሆን የካርዱ መታወቂያ ነው። ሁለተኛው አይ ፒ አድራሻ ሲሆን ከ0 እስከ 255 ባሉ 4 ቁጥሮች ይጻፋል፤ ለምሳሌ 192.168.10.20።

ካርዱን ከኔትወርክ ጋር ለማገናኘት የሚያገለግሉት ዋና ዋና መንገዶች 3 ናቸው።

1ኛ/ ናት የሚባለው ነው። ማሽኑ ወደ ውጭ የሚወጣው በባለቤቱ ኮምፒዩተር አድራሻ ነው። ኢንተርኔት ለመጠቀም ይበቃል፤ ነገር ግን ከውጭ የሚፈልገው ሰው ልዩ መተላለፊያ ካልተከፈተለት አያገኘውም።

2ኛ/ ብሪጅ የሚባለው ነው። ማሽኑ በመደብሩ ኔትወርክ ውስጥ የራሱን አድራሻ ይዞ ይቆማል፤ የሽያጭ ሠራተኞች ሁሉ በቀጥታ ያገኙታል። የመጋዘን መዝገብ ለያዘ ማሽን የሚስማማው ይህ ነው።

3ኛ/ የውስጥ ብቻ የሚባለው ነው። ማሽኖቹ እርስ በርሳቸውና ከባለቤቱ ኮምፒዩተር ጋር ብቻ ይነጋገራሉ። ለሙከራ ሥራ ይጠቅማል።

ከዚህ ቀጥሎ አድራሻው ቋሚ እንዲሆን ማድረግ ያስፈልጋል። ራውተር እንደ ልማዱ አድራሻ የሚያድለው ለጊዜው ስለሆነ፥ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቁጥሩ ተለውጦ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ መዝገብ ለያዘው ማሽን ራውተሩ ከሚያድላቸው ቁጥሮች ውጭ የሆነ ቋሚ አድራሻ ይሰጠው፤ የጌትዌዩ አድራሻም አብሮ በትክክል ይሞላ። እንዲሁም አንድን ቨርቹዋል ማሽን ገልብጦ ሁለተኛ የሚያወጣ ባለሙያ ለቅጂው አዲስ ማክ አድራሻና አዲስ አይ ፒ አድራሻ መስጠት አለበት፤ አለዚያ ሁለቱ ማሽኖች በአንድ ስም ይጋጩና ግንኙነቱ አንዴ ሲገኝ አንዴ ሲጠፋ ይውላል።

ከአንኮበር ጋር ለመገናኘት ግን ብሪጅ ብቻውን አይበቃም። በ192.168 የሚጀምሩት አድራሻዎች እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ደንብ ለውስጥ አገልግሎት ብቻ የተመደቡ ስለሆኑ በኢንተርኔት አይጓዙም። ሁለቱን መደብሮች ቪ ፒ ኤን በሚባለው የተመሰጠረ መንገድ ማገናኘት ይገባል። በዚህ ጊዜ ብዙዎችን የሚያሳስተው፥ ራውተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ቁጥር መያዛቸው ነው። ሁለቱም መደብሮች 192.168.1 ከሆኑ መልእክቱ ወደ የትኛው እንደሚሄድ አይታወቅም። ደብረ ብርሃን 192.168.10፥ አንኮበር 192.168.20 ቢባሉ ግን ችግሩ ከመነሻው ይወገዳል። መዝገቡን በቀጥታ ለኢንተርኔት መክፈት ለሌባ በር እንደ መክፈት ስለሆነ ሊደረግ አይገባም።

በመጨረሻም የእያንዳንዱ ማሽን ስም፥ ሥራ፥ ማክ አድራሻና አይ ፒ አድራሻ እንደ ዕቃ ዝርዝር በደብተር ተጽፎ በጽሕፈት ቤቱ ይቀመጥ። ባለሙያው ሥራ ቢለቅ ወይም ኮምፒዩተሩ ቢቃጠል ይህን ደብተር የያዘ ነጋዴ አዲስ ማሽን በቀድሞው አድራሻ አቁሞ ሥራውን ይቀጥላል፤ ደብተር የሌለው ግን ሱቁን ከፍቶ መዝገቡን ሲፈልግ ይውላል።