ዓሣ አዳኙ ቀንድ አውጣ

ኮነስ ጂኦግራፈስ የሚባለው የባሕር ቀንድ አውጣ ከቀይ ባሕር አንሥቶ እስከ ፊሊፒንስና አውስትራሊያ ድረስ በኮራል ድንጋዮች መካከል ይኖራል። እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ዛጎሉ ነጣ ባለ መደብ ላይ ቡናማ ጥልፍልፍ የወረደበት ነው፤ እጅግ ያምራል። አደጋውም የሚመጣው ከዚሁ ውበት ነው፤ ያየው ሰው አንሥቶ በመዳፉ ይይዘዋል፣ አንዳንዱም ኪሱ ይከተዋል።

እንደ ማንኛውም ቀንድ አውጣ ይሄም ቀርፋፋ ነው። የሚበላው ግን ዓሣ ነው። የተወጋ ዓሣ ጥቂት ከዋኘ አመለጠው ማለት ስለሆነ፣ መርዙ እዚያው በዚያው መሥራት አለበት። አደኑ በሌሊት ነው። በስንጥቅ ውስጥ ወዳረፉ ትናንሽ ዓሦች ይጠጋና አፉን እንደ ድንኳን ዘርግቶ በላያቸው ይደፋባቸዋል። ዓሦቹ ለምን አይሸሹም? እ.ኤ.አ. በ2015 በዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት ፍንጭ ሰጥቷል፤ በመርዙ ውስጥ የዓሣን ኢንሱሊን የሚመስል ኢንሱሊን ተገኘ። ይህ የዓሦቹን የደም ስኳር ያወርደዋል፤ እነሱም ይፈዛሉ። ከዚያ በኋላ ጥርሱ ይመጣል። ውስጡ ክፍት፣ ጫፉ እሾሃማ ነው፤ መርዙ በውስጡ አልፎ ዓሣውን ሽባ ያደርገዋል። አንዱ ጥርስ ለአንድ ጊዜ ብቻ ያገለግላል፤ ለቀጣዩ አደን ሌላ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

ሰው ሲወጋ ሕመሙ ቀላል ሊሆን ስለሚችል ብዙዎች ይዘናጋሉ። ቀጥሎ መደንዘዝ፣ የዓይን መደብዘዝ፣ ከዚያም የመተንፈሻ ጡንቻዎች መዛል ይከተላል፤ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። የተወጋውን እጅ ወይም እግር በሰፊ ፋሻ ጠቅልሎ፣ እንዳይንቀሳቀስ አድርጎ ሆስፒታል ማድረስ ነው። መርዙ ከሰውነቱ እስኪወጣ ድረስ በመሣሪያ እየተነፈሰ የቆየ ሰው ሊተርፍ ይችላል።

ከዚሁ ቤተሰብ ኮነስ ማገስ የተባለው ደግሞ ለሕሙማን ደርሷል። ፊሊፒናዊው ሳይንቲስት ባልዶሜሮ ኦሊቬራ በዩታ ባቋቋመው ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ማይክል ማኪንቶሽ የተባለ ወጣት ተማሪ ከመርዙ አንዱን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ። እሱን መሠረት አድርጎ የተሠራው ዚኮኖታይድ የተባለ ማስታገሻ እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ። የሕመምን መልእክት ከነርቭ ወደ ነርቭ እንዳይተላለፍ ያግዳል፤ እንደ ሞርፊንም ሱስ አያስይዝም። የሚሰጠው በትንሽ ፓምፕ በአከርካሪው ውስጥ ወዳለው ፈሳሽ ነው። መጠኑ ቶሎ ከተጨመረ ሕመምተኛውን ስለሚያቃዥ፣ ሐኪሞች ከጥቂቱ ጀምረው ቀስ እያሉ ነው ከፍ የሚያደርጉት።