ከሳን ፍራንሲስኮ እስከ ነገሌ ቦረና፦ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ የሥልጣን ዘመን ምን ያስተምረናል?



በነገሌ ቦረና የውሃ ነገር ቀልድ አያውቅም። ከያቤሎ እስከ ሞያሌ፣ ከነገሌ እስከ ፊልቱና ዶሎ ኦዶ ባለው ቆላ ሰውም ከብቱም ኑሮው በኤላና በኩሬ ላይ ነው። ታሪክ ሳስተምር ተማሪዎቼን በጣም የሚያስደንቃቸው አንድ ነገር ነበር። አገሪቱን ለረጅም ዘመን ካገለገሉ ሚኒስትሮች የአንዱን ሥልጣን መጨረሻ ያቀረበው ንቅናቄ የጀመረው እዚሁ ነገሌ፣ በውሃና በምግብ ሰበብ ነው።

እኚህ ሰው ጸሐፌ ትዕዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ናቸው። በ1904 ዓ.ም. ከካህን ቤተሰብ ተወልደው በግብፅ እስክንድርያና በፓሪስ ተማሩ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በምክትል ሚኒስትርነት፣ ኋላም በሚኒስትርነት ሠሩ። በ1937 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በሳን ፍራንሲስኮ ሲመሠረት የኢትዮጵያ ተወካይ ነበሩ። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትቀላቀል በተደረገው ረጅም የዲፕሎማሲ ትግል ዋናው ሰው እርሳቸው ነበሩ። ከ1953 እስከ 1966 ዓ.ም. ደግሞ በጠቅላይ ሚኒስትርነት አገለገሉ። በጠቅላላው ሠላሳ ዓመት ገደማ ማለት ነው።

በውጭ ስማቸው እንዲህ የገነነ ቢሆንም የአገር ውስጡ ሁኔታ ሌላ ነበር። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት አንድን ሃይማኖት የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ ስለደነገገ ዒዶቻችን የሥራ ቀን ነበሩ፤ እኛም «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» ሳይሆን «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» እንባል ነበር። በወሎ ረሃብ ሕዝብ ሲያልቅ፣ ከሟቾቹም ብዙዎቹ ሙስሊም ወገኖቻችን ሲሆኑ፣ መንግሥት ጉዳዩን ለመሸፋፈን ሞከረ።

በዚህ መካከል ጥር 1966 ዓ.ም. ደረሰ። በነገሌ የሰፈረው ጦር ተራ ወታደሮች ምግባቸው የማይበላ ሆነባቸው፤ የውሃ ፓምፓቸው ተበላሸ። ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱም ተከለከሉ። በዚህ ጊዜ አምፀው መኮንኖቻቸውን ያዙ። ከንጉሠ ነገሥቱ የተላኩትን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለንም አግተው ያንኑ ምግብ አበሏቸው፣ ያንኑ ውሃ አጠጧቸው። ወሬው ወደ ሌሎች የጦር ሰፈሮች ደረሰ። የካቲት ላይ የመምህራንና የታክሲ ነጂዎች አድማ ሲጨመርበት፣ አስመራ ያለው ጦርም ሲያምፅ፣ የአክሊሉ ካቢኔ የካቲት 20 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥልጣን ለቀቀ።

ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 12 ቀን፣ ሙስሊሞች ከክርስቲያን ወገኖቻቸው ጋር በአዲስ አበባ ታላቅ ሰልፍ ወጥተው የእኩልነት ጥያቄያቸውን አቀረቡ። በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥልጣን የያዘው ደርግ በዚያው ዓመት ዒደል ፊጥርን፣ ዓረፋንና መውሊድን ብሔራዊ በዓል አድርጎ አወጀ።

አክሊሉ ግን ያንን ለማየት አልታደሉም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሌሎች ባለሥልጣናት ጋር ያለ ፍርድ ተገደሉ። ይህ ግፍ ነው፤ በደል ደርሶብናልና ሌላው ሲበደል ደስ ይበለን የሚል ዲን የለንም። ፍትሕ ለወዳጅም ለጠላትም አንድ ነው።

ለእርሳቸውም ሚዛናዊ መሆን ይገባናል። በዚያ ዘመን የመጨረሻው ቃል የንጉሠ ነገሥቱ ነበር፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያሻውን የሚያደርግ ሰው አልነበረም። ቢሆንም ሥልጣን አማና ነው። በእጁ ያለው ሥልጣን ትንሽ የሆነ ሰው ስለዚያችው ትንሽ ይጠየቃል፤ የበላይ አዞኝ ነው ማለት ብቻውን ነፃ አያወጣም።

ዛሬ ከመካከላችን አንድ ሰው ሚኒስትር ሲሆን «የእኛ ሰው ተሾመ» ብለን እንደሰታለን። መደሰቱ ነውር የለውም። ጥያቄያችን ግን እዚያ አይቁም። ስንት ዓመት ቆየ፣ በስንት ጉባኤ ተናገረ ከማለት በፊት፣ ከመናገሻው ርቆ በቆላ ያለው ሰው የሚጠጣው ውሃ አገኘ ወይ ብለን እንጠይቅ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ዝናቡ ወቅት በወቅት ቀርቶ የቦረና ከብት ሲያልቅ ያየን ሰዎች ይህ ጥያቄ የድሮ ታሪክ ብቻ እንዳልሆነ እናውቃለን።

ወላሁ አዕለም።