ያውቁ ኖሯል? ኮዱ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ለድርጅት የሚያስገኘው ጥቅም

የፋይዳ መታወቂያ የተገነባው ሞሲፕ በተባለ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ክፍት የሆነ) ሥርዓት ላይ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ሞሲፕ የተጠነሰሰው በሕንድ፣ ባንጋሎር ነው። ጤና ሚኒስቴር ከጤና ተቋማት ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ2 የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ሲሆን፣ የእሱም ኮድ ክፍት ነው። አገር ካመነው፣ አንድ አስመጪ ወይም ክሊኒክ የሚፈራበት ምክንያት አይታየኝም።

በዓለም እጅግ ፈጣን የሆኑት 500 ኮምፒውተሮች ከ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ በሙሉ ሊኑክስ በተባለው ኦፕን ሶርስ ሥርዓት እንደሚሠሩስ ያውቁ ኖሯል? የአንድሮይድ ስልክዎም መሠረቱ ሊኑክስ ነው።

የንግድ ሶፍትዌር ላይሰንስ አብዛኛውን ጊዜ በዶላር ይከፈላል። ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ያው ክፍያ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ኦፕን ሶርስ የሚጠቀም ድርጅት ግን ለላይሰንስ ሊያወጣ የነበረውን ገንዘብ ለአገር ልጅ ባለሙያ በብር ይከፍላል። ክራክ ከተደረገ ሶፍትዌርና አብሮት ከሚመጣው ቫይረስም ይገላገላል።

የሶፍትዌሩ ባለቤት ቢሸጥ ወይም ቢከስር ምን ይውጥዎታል? ትልቁ ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሰን የተባለው ኩባንያ ማይኤስኪውኤል የተባለውን ኦፕን ሶርስ የመረጃ ቋት ሶፍትዌር በ2008 እ.ኤ.አ. በ1 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። በዓመቱ ኦራክል ሰንን ለመጠቅለል ሲነሳ፣ ከማይኤስኪውኤል መሥራቾች አንዱ የሆነው ማይክል ዊዴኒየስ ክፍቱን ኮድ ይዞ ማሪያዲቢን ጀመረ፤ ስሙንም ያወጣው በልጁ በማሪያ ነው። አዲሱን ባለቤት ያላመነ ድርጅት መረጃውን ይዞ ወደ ማሪያዲቢ ተሻገረ። ኮዱ ዝግ ቢሆን ኖሮ ደንበኛው ከሻጩ ጋር ታስሮ ይቀር ነበር።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ሲያበቃ፣ ዊንዶውስ 11ን መሸከም የማይችሉ ብዙ ኮምፒውተሮች መንገድ ላይ ቀሩ። እነዚህን መጣል አያስፈልግም፤ ሊኑክስ ተጭኖባቸው ዓመታት ይሠራሉ።

በነፃ የሚገኝ ነገር ገንዘብ አያመጣም የሚሉም አሉ። አይቢኤም ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር የሚያዘጋጀውን ሬድ ሃትን በ2019 እ.ኤ.አ. የገዛው በ34 ቢሊዮን ዶላር ነው። የሬድ ሃት ዋና ገቢ ለድርጅቶች ከሚሰጠው ድጋፍ የሚመጣ ነው።

ኦፕን ሶርስ መጠቀም ግን ኃላፊነት አለው፤ የጀመረ ሁሉ አይዘልቅበትም። የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ ለዓመታት በሊኑክስ ስትሠራ ቆይታ በ2017 እ.ኤ.አ. ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወስና ነበር። በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. ሎግፎርጄ በተባለ ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር ላይ አደገኛ ክፍተት ሲገኝ ማረሚያው ወዲያው በነፃ ተለቀቀ፤ ያላደሱ ድርጅቶች ግን ለአጥቂ ተጋልጠው ቆዩ። ሠራተኛ ሳያሠለጥኑ፣ የሚያድስና የሚጠግን ሰው ሳይመድቡ አይጀምሩ።

ሊብሬኦፊስ የተባለው ነፃ የቢሮ ሶፍትዌር ሜኑው በአማርኛ እንደሚሠራ ያውቁ ኖሯል? የሚቀጥለው የላይሰንስ ክፍያ ሳይደርስ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ጭነው፣ የድርጅትዎን ደብዳቤና የሂሳብ ሠንጠረዥ ከፍተው ይሞክሩት።